ጾሙ ተፈታ፤ ተጋድሎውስ?

እኩለ ሌሊት አልፎ ካህናት የትንሣኤውን ምሥራች ሲያበሥሩ፣ ምእመናንም ጧፍ አብርተው በእልልታ ሲቀበሉ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በነጭ ልብስ ይሞላል። ቅዳሴው አብቅቶ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ ዶሮ ጮኾአል። ከዓርብ ስቅለት ጀምሮ እህል ውኃ ሳይቀምስ ያከፈለው አባወራ፣ ከዋዜማው ጀምራ ስታቁላላ ያመሸችው እመቤት፣ እንቅልፍ ያሸነፋቸው ሕፃናትም ሳይቀሩ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። «እንኳን አደረሳችሁ» ይባባላሉ። ድፎው ተባርኮ ይቆረሳል። ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕናም እስከ ሰሙነ ሕማማት ፍጻሜ የዘለቀው የ55 ቀን ጾም በዚያች ሰዓት ይፈታል።

በጾሙ ወራት ተዘግተው የከረሙት ሥጋ ቤቶችም በማግሥቱ ነጭ መጋረጃቸውን ገልጠው ደንበኞቻቸውን ያስተናግዳሉ። የሚገርመው ግን የሰፈሩ ውሾች ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ ወዴት እንደ ሄዱ ሳይታወቅ የከረሙት ውሾች፣ በሩ በተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ከደጃፉ ይገኛሉ። ስለ ውሾቹ ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

እንደሚታወቀው ከበዓለ ትንሣኤ እስከ በዓለ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ስግደትም የለም። ዘመኑ የደስታ ነውና ቤተ ክርስቲያን በሥርዓቷ ልጆቿን ከድካም ታሳርፋለች። ነገር ግን በእነዚህ በ50 ቀናት ውስጥ ቁጣ አይከለከልም፤ ሐሜት የሚያርፍበት ሕግ አልተሠራም፤ ምቀኝነትም ቂምም የዕረፍት ፈቃድ አይወስዱም። እንዲያውም በሁዳዴ ሰውን የሚጠብቀው አጥር ብዙ ነው፦ የቅዳሴው መውጫ ሰዓት፣ የጎረቤት ዐይን፣ የምግቡ ሥርዓት፣ ማለዳ የሚሰማው የኪዳን ድምፅ። ከፋሲካ ማግሥት ይህ አጥር ይነሣል። ክርስቲያን ከራሱ ሐሳብ ጋር ብቻውን የሚገናኝበት ጊዜ ይህ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ይህን የሚጽፈው ሌላውን ለመገሠጽ አይደለም። ከእናታችን ዕረፍት በኋላ በቀረችው ቤት ሳቢያ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ቃል ሳንለዋወጥ የዘንድሮው አራተኛው ፋሲካ ነው። አራቱንም ሁዳዴ ጾሜአለሁ። ቅቤው ቀርቶብኛል፣ ወተቱ ቀርቶብኛል፣ ቂሙ ግን አልቀረብኝም። መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር ይታረቅ ዘንድ ስለ ታዘዘው ሰው በወንጌል ሲነበብ በሰማሁ ቁጥር ዐይኔን ወደ መሬት ማድረግ ለምዶብኛል። ከአንባቢዎቻችንም መካከል ይህ ልማድ ያልተጠናወተው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

ጌታችን ከተጠመቀ በኋላ በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀንና 40 ሌሊት በጾመ ጊዜ በዲያብሎስ የተፈተነባቸውን ሦስት ነገሮች ሊቃውንቱ የኃጢአት ሁሉ አርእስት ብለው ይጠሯቸዋል፤ ይኸውም ስስት፣ ትዕቢትና ፍቅረ ንዋይ ናቸው። ስስትን በትዕግሥት፣ ትዕቢትን በትሕትና፣ ፍቅረ ንዋይን ንዋይን በመናቅ ድል እንዳደረገ ያስተምራሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ፈተናው የመጣበት ሰዓት ነው። ድንጋዩ እንጀራ ይሆን ዘንድ ጥያቄው የቀረበው በጾሙ መጀመሪያ ሳይሆን ከ40ው ቀን በኋላ፣ በተራበ ጊዜ ነው። ሰይጣን የጾም ማብቂያን ያውቃል ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ በሰው ሕይወት ውስጥ አጉልተው ከሚያሳዩት አባቶች መካከል ግን የሰኔ 24 ቀኑን ቅዱስ፣ ሙሴ ጸሊምን የሚስተካከል የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። ታሪኩን ከጻፉት አንዱ በግብፅ መነኮሳት መካከል ራሱ የኖረው ጳላድዮስ ሲሆን፣ መጽሐፉም የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ420 ዓ.ም ገደማ ነው። ጳላድዮስ ሙሴን በትውልዱ ኢትዮጵያዊ፣ በመልኩ ጥቁር ይለዋል። በዚያ ዘመን ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ስለ ነበረ የትውልድ መንደሩን ለይቶ መናገር አይቻልም፤ ቢሆንም ስሙ ከእኛ ጋር ያዛምደዋል።

ሙሴ በመጀመሪያ የአንድ ባለ ሥልጣን አገልጋይ ነበረ። በክፋቱና በሌብነቱ ተባረረ፤ ከዚያም የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። ነፍስ እስከ ማጥፋት መድረሱም ይነገራል። አንድ ሌሊት ሊዘርፍ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሾች ጮኸው ስላሰናከሉት እረኛውን ሊገድል ቆረጠ። ዐባይ ሞልቶ ነበር። ሙሴ ልብሱን በራሱ ላይ አሥሮ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ወንዙን በዋና ተሻገረ። እረኛው በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቢያመልጠው አራት ምርጥ አውራ በጎች አርዶ፣ በገመድ አሥሮ እየጎተተ ያንኑ ወንዝ በዋና ተመለሰ። ሥጋውን በልቶ፣ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለውጦ ጠጣበት። ጳላድዮስ ይህን ሁሉ የሚዘረዝረው እንዲህ ያለው ሰው እንኳ ንስሐ መግባት እንደሚቻለው ለማሳየት መሆኑን ይገልጻል።

በአንድ አጋጣሚ ልቡ ተነክቶ ወደ ገዳመ አስቄጥስ ገባና መነኮሰ። አስቄጥስ ዛሬ ዋዲ ኤል ናትሩን ተብሎ የሚታወቀው፣ ከካይሮ በሰሜን ምዕራብ የሚገኘው በረሃ ነው። (ከዚህ በኋላ አባ ሙሴን አንቱ እንበላቸው።) ከመነኮሱ በኋላ አራት ወንበዴዎች ማንነታቸውን ሳያውቁ በበዓታቸው ገቡባቸው። አባ ሙሴ አራቱንም አሥረው፣ እንደ ጭድ ከረጢት በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱአቸውና፣ እርሳቸው ከእንግዲህ ሰው መጉዳት ስለማይፈቀድላቸው ምን ይደረጉ ሲሉ ወንድሞችን ጠየቁ። ወንበዴዎቹም የያዛቸው ያ ስመ ጥር ሽፍታ መሆኑን ሲረዱ እነርሱም መነኰሱ።

እንግዲህ የሚያምረው ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ በተወደደ ነበር። ነገር ግን አላበቃም። በጉልበታቸው አራት ሽፍታ የሚሸከሙት ሰው ከገዛ ሐሳባቸው ጋር በተያያዙ ጊዜ አቃታቸው። የቀድሞው የዝሙት ልማድ በቀን በሐሳብ፣ በሌሊት በሕልም ይመጣባቸው ጀመር። ተስፋ ወደ መቁረጥ ተቃርበው ወደ ታላቁ አባ ኤስድሮስ ዘንድ ሄዱና የሆነውን ሁሉ ሳይሸሽጉ ተናገሩ። አባ ኤስድሮስ አልደነገጡም፤ ገና ጀማሪ መሆናቸውን ነገሩአቸውና ምሳሌ አመጡላቸው። ምሳሌውም ከሥጋ ቤት ደጃፍ አጥንት መቆርጠም የለመደ ውሻ ነው። ልማድ እንዲህ ያለ ውሻ ነው፤ ቤቱ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ አይለቅም፤ በሩ ተዘግቶ የሚጥልለት ቢያጣ ግን በረሃብ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የዛሬ 1,600 ዓመት በበረሃ የተሰጠ ምሳሌ በፋሲካ ማግሥት በእኛው ሰፈር መታየቱን አንባቢ ልብ ይሏል። ውሻው በሁዳዴ ሄዶ ነበር እንጂ አልሞተም።

አባ ሙሴ ምክሩን ተቀብለው ወደ በዓታቸው ተመለሱ። ምግባቸውን ወደ ጥቂት ደረቅ እንጀራ ዝቅ አደረጉ፤ በቀን 50 ጊዜ ይጸልዩ ነበር። ሕልሙ አልተወም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት በበዓታቸው መካከል ቆመው፣ ዐይናቸውን ሳይከድኑ ጸለዩ። አሁንም አልተወም። በመጨረሻም ሌላ መንገድ ያዙ። በእርጅና ምክንያት ውኃ መቅዳት ወደማይችሉት አረጋውያን በዓት በሌሊት እየሄዱ፣ ማድጋቸውን አንሥተው፣ ሳይታዩ ይሞሉላቸው ጀመር። ውኃው ለአንዳንዱ ግማሽ ማይል፣ ለአንዳንዱ ሁለት ማይል፣ ለአንዳንዱም አምስት ማይል ይርቅ ነበር። አንድ ሌሊት በጉድጓዱ አፍ አጎንብሰው ሲቀዱ ጋኔን ወገባቸውን በዱላ መታቸውና እንደ ሞተ ሰው ተዘረሩ። በማግሥቱ ውኃ ሊቀዳ የመጣ ወንድም አግኝቶአቸው ለአባ ኤስድሮስ ነገረ። ተሸክመው አስገቡአቸው። አንድ ዓመት ያህልም ታመሙ።

ከዚህ በኋላ በሁለቱ አባቶች መካከል የተደረገው ንግግር የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ደጋግሞ ያሰበበት ነው። አባ ኤስድሮስ ከአጋንንት ጋር መታገላቸውን እንዲያቆሙ፣ ለጀግንነትም ልክ እንዳለው መከሩአቸው። አባ ሙሴ ሕልሙ እስካልተወኝ ድረስ አላቆምም አሉ። ያን ጊዜ አባ ኤስድሮስ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሕልሙ በክርስቶስ ስም እንደቆመ፣ ተማምነውም ቅዱስ ቍርባን እንዲቀበሉ ነገሩአቸው። እስከዚያ የዘገየበትንም ምክንያት አልሸሸጉም፤ አባ ሙሴ ፈተናውን በራሴ ተጋድሎ አሸነፍሁት ብለው እንዳይመኩ ነበር። ጥቂት ቆይተው ሲጠይቁአቸው በእርግጥም ሕልሙ አልተመለሰም።

በስድስት ዓመት የሌሊት ቁመት ያልተገኘው ነገር ከአንድ ዓመት የአልጋ ድካም በኋላ በስጦታ ተገኘ ማለት ነው። ይህን ሰምቶ እንግዲያውስ ቁመቱ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ሚዛኑ እንዲህ አይደለም፤ አባ ሙሴ ባይቆሙ፣ ባይቀዱ ኖሮ ስጦታውን የሚቀበል እጅ አይኖራቸውም ነበር። ይሁንና የ55 ቀን ጾማቸውን እንደ ደመወዝ ቆጥረው፣ ፋሲካ ሲደርስ «ይህን ያህል ጾሜ ለምን ጠባዬ አልተለወጠም» እያሉ ለሚያዝኑ ሁሉ (እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ) የአባ ኤስድሮስ መልስ የሚበቃ ይመስለኛል። የሚደንቀው ደግሞ ሌሎች የተጋድሎ ዓይነቶች ሁሉ ተሞክረው የመጨረሻው የሌላውን ማድጋ መሙላት መሆኑ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን የትርጓሜ ጉባኤያት አራት ናቸው፤ ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። በአራተኛው ጉባኤ የሚተረጎሙት ፊልክስዩስ፣ ማር ይስሐቅና አረጋዊ መንፈሳዊ በስማቸው የመነኮሳት ይባሉ እንጂ የሚናገሩት በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ ስለሚደረገው ነገር ነው። ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር መከፈሉን ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምረን ሰምተናል። አባቶች ከዚህ አልፈው ሐልዮውን ራሱን በደረጃ ይለዩታል። ሐሳብ መጥቶ ደጅ መምታቱ ኃጢአት አይደለም፤ ማንም ሊከለክለው አይችልም። በሩን ከፍቶ፣ አስቀምጦ፣ ማጫወት ግን ሌላ ነው። በቀን ሠራተኛውም፣ በነጋዴውም፣ ልጇን አዝላ በምታበስለው እናትም ደጅ ይመታል። እኔ ወንድሜን በሐሳቤ አስቀምጬ ስንት ምሽት እንደ ተከራከርሁት፣ ክርክሩንም ሁልጊዜ እኔ እንደምረታ ብናገር አንባቢ ነገሩን ይረዳልኛል።

ከእነዚህ ሐሳቦች አንዱን ለይተን ማንሣት ይገባናል። በ399 ዓ.ም (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በግብፅ በረሃ ያረፈው ኢቫግሪዎስ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ሲዘረዝር ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ስልቹነት፣ ከንቱ ውዳሴና ትዕቢት ይላቸዋል። ስልቹነትን የቀትር ጋኔን ብሎ ጠርቶ የሚመጣበትን ሰዓት እንኳ ሳይቀር ይነግረናል፤ ከአራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ይከብባል። አውሮፓውያን ተርጓሚዎች ይህን ሲያነቡ ወደ ራሳቸው አቆጣጠር ለመመለስ ስድስት ሰዓት መደመር ግድ ይሆንባቸዋል፤ እኛ ግን ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር እንዳለ እንወስደዋለን። በዚያ ሰዓት ለመነኩሴው ፀሐይዋ የቆመች ይመስለዋል። በመስኮት ደጋግሞ ያያል፤ ሥራውን ይጠላል፤ ወንድሞች ፍቅር እንደሌላቸው ያስባል፤ ሌላ ቦታ ቢሄድ እንደሚሻለው ያሰላስላል። በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ስድስት ሰዓት አልደርስ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ይህን ጋኔን በመልክ ያውቀዋል። የጾሙ ቅዳሴ የሚወጣው ከቀትር በኋላ ስለ ነበረ በሁዳዴ ያ ሰዓት ባለቤት ነበረው፤ አሁን ባዶ ነው። መድኃኒቱም አስደናቂ አይደለም፤ መቀመጥ፣ የጀመሩትን ሥራ ከዳር ማድረስ፣ ቦታ አለመልቀቅ ነው።

ወደ አባ ሙሴ እንመለስ። በአንድ ወቅት በአስቄጥስ ጉባኤ ተሰብስቦ ሳለ አባቶች ሊፈትኑአቸው ፈልገው፣ ይህ ጥቁር በመካከላችን ምን ያደርጋል በማለት በፊታቸው አቃለሉአቸው። አባ ሙሴ ዝም አሉ። ጉባኤው ሲበተን አልተቆጡም እንደሆነ ተጠየቁ። መልሳቸው ቅን ነበረ፤ ታውከው ነበር፤ ነገር ግን አልተናገሩም። ብዙ ጊዜ ስለ ቅዱሳን ስንሰማ ሐሳቡ ጨርሶ ያልነካቸው ይመስለናል፤ እርሳቸው ግን መታወካቸውን አልካዱም፤ ያሸነፉት አንደበታቸውን ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ወንድም በድሎ ሊፈረድበት ጉባኤ ሲቀመጥ አባ ሙሴ ጥሪው ቢደርሳቸው አልሄድም አሉ። ሰው ተልኮ ሲለመኑ የሚያንጠባጥብ ማድጋ ውኃ ሞልተው ተሸክመው መጡ። ምንድር ነው ቢሉአቸው፣ የገዛ ኃጢአታቸው ከኋላቸው እየፈሰሰ እነርሱ ሳያዩት በሌላው ለመፍረድ መምጣታቸውን ነገሩአቸው። ወንድምየው ይቅር ተባለ። የሌሊት ውኃ ቀጂው ማድጋ ለዚህም አገልግሎት ዋለ።

በሌላም ጊዜ ፈተናው በጸናባቸው ሰዓት አባ ኤስድሮስ ወደ ሰገነት አወጡአቸው። ወደ ምዕራብ ቢመለከቱ ብዙ አጋንንት ለውጊያ ሲታወኩ አዩ፤ ወደ ምሥራቅ ቢመለከቱ ቁጥር የሌላቸው መላእክት በክብር ሲያበሩ አዩ። አባ ኤስድሮስም ከእርሳቸው ጋር ያሉት እንደሚበዙ ነገሩአቸው፤ አባ ሙሴም ወደ በዓታቸው ተመለሱ። ወደዚያው በዓት፣ ወደዚያው ውጊያ ነው የተመለሱት፤ ሌላ ቦታ አልተሰጣቸውም።

በዘመናቸው መጨረሻ ቅስና ተቀብለው፣ ደቀ መዛሙርት ትተው በ75 ዓመታቸው እንዳረፉ ጳላድዮስ ጽፎአል። የአባቶች ትውፊት ደግሞ በአስቄጥስ ላይ በተነሣው የበርበሮች ወረራ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ407 ዓ.ም ገደማ፣ ሰይፍ ያነሣ በሰይፍ እንደሚጠፋ የተነገረው ቃል በእርሳቸው እንዲፈጸም ዓመታት መጠበቃቸውን ተናግረው፣ አልሸሽም ብለው ከወንድሞች ጋር በሰማዕትነት እንዳለፉ ይናገራል። ዐፅማቸው ከመምህራቸው ከአባ ኤስድሮስ ዐፅም ጋር ዛሬም በዋዲ ኤል ናትሩን በሚገኘው በደብረ ቦረሞስ ይከበራል። አንድ ጊዜ ሰይፍ በጥርሱ ነክሶ ዐባይን የተሻገረው ሰው ነው።

ስለ መሻገር ካነሣን ዘንድ፣ የትንሣኤው ሳምንት ዕለታት ሁሉ ስም አላቸው። ሰኞ ማዕዶት ይባላል፤ ትርጓሜውም መሻገር ነው፤ ነፍሳት ከሲኦል ወደ ገነት መሻገራቸው ይታሰብበታል። ማክሰኞ የተጠራጠረው የቶማስ ቀን ነው። ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ አዳም፣ ዓርብ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት እየተባለ እስከ ዳግም ትንሣኤ ይደርሳል። በዓሉ በአንድ ቀን ማዕድ እንደማያልቅ አባቶች ያውቁ ነበር።

እናታችን በሕይወት ሳለች የፋሲካ ሰኞ የእርሷ ነበረ። ልጆቿ ሁላችን፣ ያገባውም ያላገባውም፣ ከቀትር በፊት ከቤቷ እንድንገኝ ታዝዝ ነበር፤ የቀረ ሰው እንደሆነም ምሳው አይቀርብም። ታናሽ ወንድሜ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ እኛም ተርበን እናኮርፋለን፤ እርሷ ግን በሩን እያየች ትጠብቃለች። የተጣላንባት ቤት ያቺው ናት። ወንድሜ አሁን የሚኖረው ከእኔ ቤት በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቆ ነው። ድፎው ለሁለት ተቆርጦአል፤ ግማሹን ባለቤቴ በመሶብ ጨርቅ ጠቅልላ ለማን እንደሆነ ሳትናገር ከጠረጴዛው ዳር አስቀምጣዋለች። ነገ ማዕዶት ነው።